ኮራሉ ከሥሩ ሲራቆት መጀመሪያ ጨዉን ለኩ

ኮራል ድንጋይ መሳይ አጥንት ያለው የባሕር እንስሳ ነው፤ ይህም በቤት የጨው ውኃ ገንዳ ለምታሳድጉት ነው። ማሞቂያው መሰካቱን፣ ፓምፑ መዞሩን፣ መብራቱ በሰዓቱ መጥፋቱን አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው።

ኮራሉ ነጥቶ ሥጋው ካልተላጠ፦ አልሞተም፣ አትጣሉት። ሙቀት ወይም ኃይለኛ ብርሃን በሥጋው ውስጥ እየኖረ የሚመግበውን አልጌ፣ ማለትም ደቃቅ ተክል መሰል ፍጡር፣ አሳጥቶታል። ብርሃኑን ቀንሱ፣ ውኃውን 25 ወይም 26 ዲግሪ ላይ አቆዩ፣ አልጌው እስኪመለስ በምግብ ደግፉት።

ሥጋው በአንድ ሌሊት ተገፎ ካደረ፦ ያልተነካውን ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ ለዩ።

ሥጋው ከሥሩ ጀምሮ ቀስ በቀስ ከሸሸ፣ ማታ ምግብ የሚይዝባቸውን ቀጫጭን እጆቹን ካልዘረጋ፣ የጎረሰውን ከተፋ፦ ጨው በዝቶበት ሊሆን ይችላል፣ ለኩ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ከተጠራሁባቸው ገንዳዎች የአብዛኞቹ ችግር ይኸው ነው።

ከጥቅምት እስከ ጥር አየሩ ደረቅ ነው፤ ገንዳው ደግሞ ቀን ከሌት ይሞቃል። ከ200 ሊትር ገንዳ በቀን 2 ሊትር ሲጎድል ለክቻለሁ። የሚተነው ውኃው ነው፤ ጨው እዚያው ይቀራል። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ቤት ስገባ የመስታወቱ ጠርዝ የጨው ቅርፊት ይዞ ነጥቷል፣ የኮራሉም አጥንት ከሥሩ ሁለት ጣት ያህል ተራቁቷል። ካልሲየም ጨምረዋል፣ ቪታሚን ጨምረዋል፣ ምግቡን እጥፍ አድርገዋል።

«የጎደለውን በምን ይሞሉታል ጋሼ?»

በየእሑዱ፣ በጨው በተበጠበጠ ውኃ! በሳምንት 14 ሊትር እንዲህ ያለ ውኃ መጨመር ግማሽ ኪሎ ጨው መጨመር ነው። በአንድ ኪሎ ውኃ 35 ግራም የነበረው ጨው በሦስተኛው ሳምንት 42 ደርሷል። «ቀይ ባሕርስ ጨዋማ አይደለም እንዴ?» አሉኝ። ነው፣ ወደ 40 ይጠጋል፤ ግን የዚያ ኮራል እዚያው ተወልዶ አድጓል፣ የእርሳቸው 35 የለመደ ነው።

መፍትሄው፦ በቀን 5 ሊትር የገንዳ ውኃ ቀድታችሁ 5 ሊትር ንጹሕ ውኃ ተኩ፤ እንዲህ ባለ የ200 ሊትር ገንዳ በቀን 1 ግራም ያህል ይወርዳል። በአንድ ቀን ላውርደው ያለ ሰው ጨው ያልገደለውን ራሱ ይገድለዋል። ከዚያ የውኃውን ልክ በመስታወቱ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉና የጎደለውን በየጠዋቱ በንጹሕ ውኃ ብቻ ሙሉ።

ንጹሕ ስል በሪቨርስ ኦስሞሲስ፣ ማለትም ውኃን በግፊት በረቂቅ ወንፊት በሚያሳልፍ ማጣሪያ፣ የተጣራውን ነው። ማፍላት ማጣራት አይደለም፤ ናይትሬቱም መዳቡም ከድስቱ አይወጣም። የክረምት የጣሪያ ውኃ ፈጽሞ አይሁን! ቆርቆሮው ዚንክ ይለቃል፣ ዚንክ ለኮራል መርዝ ነው። አንዱ ደግሞ «የተጣራ የባትሪ ውኃ ነው» ብለው የሸጡለትን ሊገለብጥ ሲል ጀሪካኑን ከእጁ ነጠቅሁት፤ አሲድ ነበር።

መለኪያችሁንም ተጠራጠሩ። ያ ርካሽ ባለ ጠቋሚ የፕላስቲክ ዕቃ ጠቋሚው ላይ ጨው ሲጋገርበት ይከብድና አሳንሶ ያሳያል፤ ባለቤቱም ጎደለ ብሎ ሌላ ጨው ይጨምራል። ስንቱን ቆሻሻ ውስጥ ጥያለሁ! ሪፍራክቶሜትር፣ ማለትም ጨውን በብርሃን መታጠፍ የሚለካ መሣሪያ፣ ግዙ፣ ጨዉ ልክ 35 በሆነ ማመሳከሪያ ፈሳሽ አስተካክሉት፤ በኅዳር ውርጭ ግን በረንዳ ላይ አትለኩበት። የሙቀት ማካካሻው ብዙውን ጊዜ ከ10 ዲግሪ በታች አይሠራም።

ምግብ ከዚህ በኋላ ነው። መብራቱ ጠፍቶ እጆቹ ሲወጡ ፓምፑን ለ15 ደቂቃ አቁሙ፣ አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ (ደቃቅ የጨው ውኃ እንስሳ) በመርፌ አልባ ስሪንጅ ወደ አፉ ቀስ አድርጋችሁ ልቀቁ። ትልልቅ አፍ ላላቸው በሳምንት ሁለት ጊዜ ይበቃል። በገንዳው ያለ ሽሪምፕ ከአፉ እንዳይነጥቀው ቆማችሁ ጠብቁ፣ የተረፈውን አውጡ፣ ፓምፑን መልሳችሁ አብሩ። በአንድ ሆቴል ገንዳ ውስጥ ቆሎ አግኝቻለሁ፤ እንግዳው ዓሣ ያበላ መስሎት ነው።

የኤሌክትሪክ ኃይል ሌሊት ከተቋረጠ የገንዳውን ጎንና ጎን ባና አልብሱት፤ ላዩን ግን ክፍት ተዉት፣ በባትሪ የሚሠራ አየር መንፊያም አስነሱ። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚይዘው ከሩብ በላይ ያንሳል፤ በመጀመሪያ የሚያልቀው እርሱ ነው፣ ሙቀቱ አይደለም። ውኃ ስትቀዱ ደግሞ ማሞቂያውን ንቀሉ፤ ከውኃ ወጥቶ የጋለ የማሞቂያው መስታወት ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ይሰነጠቃል።