ፋይበር ግላስ ጎባጣ ነገር ላይ ከመለጠፋችሁ በፊት ጨርቁ እንደሚተኛ እንዴት ይፈተሻል?

የጅማን በርጩማ ታውቁታላችሁ። ሦስት እግር አለው፤ መቀመጫው እንደ ሳህን ጎድጎድ ያለ ነው። ባለፈው ክረምት እዚሁ ጅማ የአንዱን መቀመጫ ቅርጽ በፋይበር ግላስ ላወጣ ሞከርኩ። እንጨቱን ሰም ቀባሁ፣ ከመስታወት ክር የተሸመነውን ጨርቅ ዘረጋሁ፣ ሬዚኑን ማለትም ጨርቁን የሚያጠነክረውን ፈሳሽ ሙጫ አፈሰስኩ። ዳር ዳሩ ተጨማደደ፤ መሃሉ ከእንጨቱ ተነስቶ አየር ያዘ። ሬዚኑ ውስጥ ማድረቂያው ሃርደነር ከገባበት በኋላ ደግሞ ያለው ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው። ጨርቁም ሬዚኑም ባከነ። በጣም ነው የቆጨኝ፤ ቀድሜ ብፈትሽ ኖሮ ይቀር ነበር።

መጀመሪያ በወረቀት ሞክሩ። ጠርሙስ ላይ ወረቀት ያለ ችግር ይጠቀለላል፤ ጠርሙስ የሚጎብጠው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነዋ። ብርቱካን ላይ ግን ይጨማደዳል። ወረቀቱ ከተኛ ጨርቁም ይተኛል። ከተጨማደደ ቅርጹ በሁለት አቅጣጫ ይጎብጣል ማለት ነው፤ ፍተሻውን ቀጥሉ።

ቀጥሎ ጉብጠቱን ለኩ። ማስመሪያ ጎድጓዳው ላይ አጋድሙ። ከጫፍ እስከ ጫፍ 20 ሳንቲሜትር፣ መሃል ላይ ጥልቀቱ 2 ሳንቲሜትር ሆነ እንበል። 20 በ20 ሲባዛ 400 ነው። ጥልቀቱን በ8 አባዙ፣ 16። 400 ለ16 ሲካፈል 25። የጥልቀቱን ግማሽ ደምሩ፤ ሬዲየሱ፣ ማለትም ጉብጠቱ ሙሉ ክብ ቢሆን ከመሃሉ እስከ ዳሩ ያለው ርቀት፣ 26 ሳንቲሜትር ነው። ማስመሪያውን አዙራችሁ በመስቀለኛውም ለኩ። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጉብጠቱ ይከርራል። ትንሹ ቁጥር የወጣበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጉበት።

ዋናው ግን የጨርቁ ፈተና ነው። ነጠላ በክሩ አቅጣጫ ስትስቡት እምብዛም አይሰጥም። በሰያፍ ሳቡት፤ እጃችሁ ላይ ይለጠጣል። የፋይበር ጨርቅም ጎባጣ የሚለብሰው በዚሁ መንገድ ነው፤ ክሩ ሳይሆን ሽመናው ነው የሚዛባው። ስለዚህ ጨርቁ ላይ በማርከር 5 በ5 ሳንቲሜትር ካሬዎች ስሩ። ሬዚን ሳትነኩ ደረቁን አስተኙት፣ ከመሃል ወደ ዳር በመዳፋችሁ እየዳበሳችሁ። አሁን ምልክት ያደረጋችሁበትን ቦታ ቀርባችሁ እዩ። ካሬው ወደ ጎን ጋደል ካለ ችግር የለም። ክሮቹ እርስ በርስ ተጠጋግተው ክፍተት ካጡ ግን ጨርቁ ገደቡ ላይ ደርሷል። ከዚያ በላይ ብትጫኑት ተነስቶ እጥፋት ይሆናል።

ገደቡን ካለፈ ጨርቁን 45 ዲግሪ አዙራችሁ ድገሙት፤ አንዳንዴ ይሄ ብቻ ይበቃል። እንደ ጂንስ ሰያፍ ሽመና ያለው ጨርቅ ደግሞ ከተራው ሽመና በተሻለ ይታዘዛል። ካልሆነ እጥፋቱን በመቀስ ሰንጥቁና ጠርዞቹን አደራርቡ፤ የሚቀጥለውን ድርብ ግን ሌላ ቦታ ሰንጥቁት። ሹል የውስጥ ጥግ ካለ አስቀድማችሁ በስቱኮ አክብቡት፤ ጨርቁ ጥጉን ዘሎ የሚያልፈው እዚያ ነው።

ለጥፋችሁ ሲደርቅ በሳንቲም ኳ ኳ አድርጉት። የያዘው ቦታ ድምፁ ጠንካራ ነው። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ሥሩ አየር አለ፤ ያን ቦታ ቆርጣችሁ አውጡና እንደገና ለጥፉት።