የልጅዎን ቲክቶክ ከቅጥነትና ከጡንቻ ቪዲዮ እንዴት ያጸዳሉ?

ቲክቶክ ልጅዎ ላይክ ያደረገችውን ብቻ ሳይሆን ቪዲዮው ላይ ምን ያህል እንደቆየችም ይቆጥራል። ስለ ወገብ ማቅጠኛ የሚያወራውን እየተበሳጨችም ቢሆን እስከ መጨረሻው ካየችው፣ ነገ ያንኑ ይደረድርላታል። ስለዚህ ከምክሩ ስልኩ ይቅደም። አጠገቧ ተቀምጠው ያስተካክሉት እንጂ አይቀሟት፤ በሌላ አካውንት መግባቷ አይቀርም።

እንዲህ ዓይነት ቪዲዮ በመጣ ቁጥር ጣቷን ጫን አድርጋ ትያዝና «ኖት ኢንተረስትድ» የሚለውን ትምረጥ። ቀጥሎ ሴቲንግ ውስጥ «ኮንተንት ፕሪፈረንስስ» ገብታ ማየት የማትፈልጋቸውን ቃላት ትመዝግብ፦ «ቦርጭ»፣ «ዳይት»፣ «ክብደት መቀነስ»። አማርኛውን በላቲን ፊደልም ትድገመው፤ የእኛ ሰው በሁለቱም ይጽፋል። ቃሉ ያልተጻፈበት ቪዲዮ ግን ያመልጣል። ይህም ካልበቃ፣ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ፊዱን፣ ማለትም ቲክቶክ የሚደረድርላትን ቪዲዮ፣ እንደ አዲስ የሚያስጀምር ምርጫ አለ። የምትከተላቸውን አካውንቶች ግን አይነካም፤ አስቀድማ አንፎሎው ካላደረገች ተመልሳ እዚያው ናት።

ከዚያ ፎቶ ያንሱ። መጀመሪያ እሷ ከ30 ሴንቲሜትር ሴልፊ ትነሳ፤ ቀጥሎ እርስዎ ከ1.5 ሜትር ያንሷት። ጎን ለጎን ሲያዩዋቸው፣ ለካሜራ የቀረበ ነገር ስለሚገዝፍ፣ በሴልፊው አፍንጫዋ 30 በመቶ ያህል ሰፍቶ ይታያል። «አፍንጫዬ ትልቅ ነው» ስትል ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የክንዷ ርዝመት ነው።

ወንዶቹ ስለ ሰውነታቸው መጨነቃቸው ይደበቃል፤ ቤተሰቡ «ጎበዝ፣ ስፖርት ይሠራል» እያለ ያልፈዋል። ያ የሚያየው ክንድ ብረት ተነስቶ ደም እንደሞላው፣ መብራት ከላይ ተደርጎበት የተቀረጸ መሆኑን ይንገሩት። ስቴሮይድ (ጡንቻ ማሳደጊያ መድኃኒት) ከተነሳ ግን አይለሳለሱ፦ በማደግ ላይ ያለን ልጅ የአጥንት ማደጊያ ቀድሞ ሊዘጋው ይችላል፤ ቁመቱም እዚያው ይቀራል። ጅም ውስጥ ሸሚዝ የማያወልቅ፣ በሙቀትም ሹራብ የሚደርብ ልጅም አለ፤ «ቀጭን ነኝ» ብሎ ስለሚያፍር ነው።

ዘመድ ደግሞ ከስልኩ ይብሳል። «ውይ፣ ወፈርሽ!» ለአክስት ሰላምታ ነው፤ ለ14 ዓመት ልጅ ግን ሳምንት ሙሉ አይለቃትም። በዓል ሳይደርስ ደውለው ያስጠንቅቁ።

ምግብ መተዋ ጾምን መሸፈኛ ሲያደርግ ልብ ላይባል ይችላል። ጾሙ ተፈትቶም አልበላም ካለች፣ ከማዕድ እንደተነሳች መታጠቢያ ቤት ከገባች፣ ወይም የወር አበባዋ ለሦስት ወር ከቀረ፣ ቲክቶኩን ተወት አድርገው ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት።