ሠርግ በፊልም ካሜራ ልታነሱ ነው? ግራዋን እጀታ እዩ

በድሮ ፊልም ካሜራ ሠርግ ስታነሱ ትልቁ ጉድ የብርሃን ስህተት አይደለም። ፊልሙ ሳይንቀሳቀስ ቀኑን ሙሉ ቀጭ ቀጭ ማድረግ ነው። ቆጣሪው 12፣ 20፣ 30 እያለ ይሄዳል፤ ውስጥ ግን ፊልሙ ከጥርሱ ወጥቶ ቆሟል። አብዛኞቹ ካሜራዎች የሚቆጥሩት ፊልሙን ሳይሆን የእናንተን ማሳለፍ፣ ማለትም የማሳለፊያውን ዘንግ መሳባችሁን ነዋ።

እንደ ፔንታክስ ኬ1000 ያለ በእጅ የሚያሳልፍ ካሜራ ከሆነ፣ ፊልሙን አስገብታችሁ ጀርባውን ዝጉ። በግራ አናት ላይ ያለችውን፣ ፊልም ሲያልቅ ወደ ኋላ የምንጠቀልልባትን እጀታ በቀስቷ አቅጣጫ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ። ከበድ ስትል ተዉ፤ የላላው ተወጥሯል። አሁን በቀኙ ማሳለፊያ ዘንግ አንዴ አሳልፉና ግራዋን እጀታ እዩ። ወደ ተቃራኒው ከዞረች ፊልሙ እየሄደ ነው፤ እሷ በቀጥታ ከፊልሙ ጥቅል ጋር ስለተያያዘች አትዋሽም። ዝም ካለች አልያዘም፤ ከፍታችሁ እንደገና አስገቡ።

ይህን ሙሽራው ሳይመጣ ጨርሱ። ሚዜዎቹ በሩ ላይ ከሙሽሪት ወገን ጋር ሲከራከሩ ፊልም መቀየር አይጀመርም።

ባለ 36 ፊልም 39 ላይም ካልቆመ ግን ጀርባውን እንዳትከፍቱ! ያነሳችሁት ካለ ብርሃን ገብቶበት ይቃጠላል። መጀመሪያ ግራዋን ቀስ ብላችሁ ሞክሩ፤ ያለ ምንም ውጥረት ዝም ብላ ከዞረች ፊልሙ ከመጀመሪያውም ያልተንቀሳቀሰ ሊሆን ይችላል።

በሞተር ራሳቸው የሚያሳልፉት አብዛኞቹ ካሜራዎች ላይ ይህቺ እጀታ ስለሌለች ዘዴው አይሠራም።