በኤሌክትሮን ጨረር የሚጻፍበት፣ በብርሃን የሚጠፋ የጨው ሽፋን አሠራር

ለጀማሪ ከፖታሲየም ክሎራይድ የተሻለ መነሻ የለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የራዳር ስክሪን ላይ የዋለውም ይኸው ጨው ነው። ጨረሩ ክሎሪኑን ከቦታው ያፈናቅላል፤ በባዶው ቦታ የተያዘው ኤሌክትሮን 560 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን ስለሚውጥ የተመታው ቦታ ሐምራዊ ይሆናል።

ንጹሕ ጨው 150 ዲግሪ ላይ ለ2 ሰዓት አድርቁ። እርጥበት የያዘ ጨው ሲሞቅ እየተንጣጣ ይፈናጠርና መስታወቱን ነጠብጣብ ያደርገዋል። 0.4 ግራም በሞሊብዲነም ማትነኛ (ጨው የሚተንበት፣ ሙቀት የሚችል የብረት ሳህን) ላይ አድርጉ፤ በሳሙናና በአልኮል የታጠበውን መስታወት 10 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጋችሁ ከላዩ ስቀሉ። በቫኪዩም (አየሩ በወጣበት ዕቃ) ውስጥ ጨውን ቀስ እያላችሁ ስታሞቁት መስታወቱ ላይ 5 ማይክሮሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ሽፋን ይወጣዋል። ቫኪዩሙን ሳትከፍቱ 30 ናኖሜትር አሉሚኒየም ደርቡበት። ጨው ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ አሉሚኒየሙ ከመሬት ሽቦ ጋር ካልተገናኘ ቻርጅ ይከማችና ጨረሩን ይገፋዋል፣ ቀጥ ያለው መስመርም ይጣመማል። አሉሚኒየሙ ብርሃን እንደሚመልስ የፊት መስታወትም ያገለግላል፦ በመስታወቱ በኩል ስታዩ ብርሃኑ ቀለሙን ሁለቴ ስለሚያልፍ ጎልቶ ይታያል።

መጻፊያው ተራ ስካኒንግ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ (የኤሌክትሮን ጨረር በናሙናው ላይ እያመላለሰ የሚያይ መሣሪያ) ነው። በ15 ኪሎቮልት ጨረሩ 3.6 ማይክሮሜትር ገደማ ዘልቆ ጨው ውስጥ ይቆማል። በ20 ግን 6 ገደማ ስለሚደርስ መስታወቱን ራሱን ያጠቁረዋል፤ ያ ጥቁረት ደግሞ በብርሃን አይለቅም። በ1 ናኖአምፔር፣ ጎኑ 100 ማይክሮሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ለ1፣ 3፣ 10 እና 30 ሰከንድ ጻፉ፤ ይህም በካሬ ሳንቲሜትር 10፣ 30፣ 100 እና 300 ማይክሮኩሎምብ ነው። ትኩረቱን ሌላ ቦታ ላይ አስተካክሉ፣ አለዚያ ሳታስቡት ትጽፋላችሁ። መስመሮችን በ10 ማይክሮሜትር አራርቁ፤ ኤሌክትሮኖቹ ጨው ውስጥ ወደ ጎንም ስለሚበተኑ ጨረሩን ማቅጠን ብቻውን አይረዳም።

ስታነቡ መብራቱን ደካማ አድርጉ፤ የሚያነበው ብርሃን ቀስ በቀስ ያጠፋልና። ለማጥፋት ኃይለኛ አረንጓዴ መብራት፣ ካልበቃም 200 ዲግሪ ሙቀት ይጠቅማል። ከዚህ በኋላም የቀረ ምልክት ሁለት ምክንያት ይኖረዋል። ቡናማና በላይኛው ገጽ የተለጠፈ ከሆነ፣ በማይክሮስኮፑ ውስጥ ካለ የዘይት ትነት የመጣ ካርቦን ነው። በጨው ውስጥ ያለ ከሆነ መጠኑ በዝቶ ፖታሲየሙ ተጠራቅሟል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሰከንዱን በግማሽ ቀንሱ።