ጥቃቅን ነፍሳት ቆዳዬ ላይ ይሄዳሉ ከሚል ፍርሃት የወጣሁበት መንገድ

ማታ ጋደም ስል ጥቃቅን ነፍሳት በክንዴና በአንገቴ ላይ የሚርመሰመሱ ይመስለኝ ነበር፤ መብራት ሳበራ ግን አንሶላው ላይ አንዳች ነገር፣ ቆዳዬም ላይ የንክሻ ምልክት አይገኝም። በመጀመሪያ ክፍሉን ፀረ ተባይ መድኃኒት ረጨሁት፤ ያተረፍኩት ሳል ብቻ ነው። ቀጥዬ አንሶላውን በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውኃ ማጠብ ጀመርኩ፤ ይህ ሙቀት የአቧራ ቅንቅንን (በቤት አቧራ ውስጥ የሚኖረውን ደቃቅ ተባይ) በእርግጥ ይገድላል፣ ፍርሃቱን ግን አልነካውም። ቆዳዬ ላይ ፕላስተር ለጥፌ የነቀልኩትን በአጉሊ መነጽር ስመረምርም የማየው የጨርቅ ክርና የደረቀ የቆዳ ቅርፊት ነበር። የቆዳ ሐኪም፣ የእከክ ቅንቅን የሚቦረቡራቸውን የጣቶቼን መካከልና የእጄን አንጓ ቆዳን አጉልቶ በሚያሳይ መሣሪያ (ዴርማቶስኮፕ) አይተው ምንም እንደሌለ ቢነግሩኝም፣ እፎይታው ብዙ አልቆየም።

መፍትሔ የሆነኝ ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ያደረግሁት፣ የሚፈራውን ነገር ደረጃ በደረጃ የመጋፈጥ ሕክምና ነው። ፍርሃቴን ከ0 እስከ 100 እየመዘንኩ መጀመሪያ የቅንቅን ንድፍ፣ ቀጥሎ በማይክሮስኮፕ የተነሣ ፎቶ፣ ከዚያም ቪዲዮ አየሁ፤ በመጨረሻም መዳፌን ምንጣፍ ላይ አሳርፌ ቁጥሩ በራሱ እስኪወርድ ጠበቅሁ። በእኔ ግምት ቁልፉ፣ ከልምምዱ በኋላ እጅ አለመታጠብና ባትሪ አብርቶ አለመፈተሽ ነው፤ ፍተሻ ለጊዜው ቢያረጋጋም ፍርሃቱን የሚቀልበው እርሱ ነውና። (የአቧራ ቅንቅን እንደማይናከስ ቀድሞም አውቅ ነበር፤ ማወቁ ብቻውን አላስተኛኝም።)

ማሳከኩ ሽፍታ ካለው ወይም አብረው የሚኖሩትንም የሚያሳክክ ከሆነ ግን እከክ ሊሆን ስለሚችል፣ ከዚህ ሁሉ በፊት በቆዳ ሐኪም መታየት ይቀድማል።