እጩ መምህራን ራሳቸው እንዲመረምሩ ምን እናድርግ?

የኅብረተሰብ ትምህርት እጩ መምህራን የምርምርን ደረጃዎች በቃላቸው ይወጡታል፤ ጥያቄ፣ መላ ምት፣ ማስረጃ፣ ድምዳሜ። ፕራክቲከም (የማስተማር ልምምድ) ወጥተው ክፍል ሲገቡ ግን ማስታወሻ ሰሌዳ ላይ ጽፈው ያስገለብጣሉ። አልፈርድባቸውም፤ አብዛኞቹ ራሳቸው የተማሩት እንደዚያ ነው። ኮሌጅ እያሉ አንድ ጥያቄ ከሥሩ እስከ ጫፉ ካልመረመሩ፣ ልጆችን አስመርምሩ ማለት ከንቱ ነው።

እኔ በዚህ ጥያቄ እጀምራለሁ፦ የጅቡቲው ባቡር ሐረርን ያህል የንግድ ከተማ ትቶ ለምን ድሬዳዋ ላይ ቆመ? "ድሬዳዋ መቼ ተቆረቆረች?" ብትሏቸው መጽሐፍ ገልጠው "1902 እ.ኤ.አ." ይሏችኋል፣ አለቀ። "ለምን እዚያ?" ስትሉ ግን ማሰብ ግድ ይሆናል።

መጽሐፍ ከመገለጡ በፊት እያንዳንዱ ግምቱን ይጻፍ። ብዙዎቹ "ፖለቲካ ነው" ይላሉ። አታርሟቸው። ከግምቱ ጎን ግን አንድ ነገር ይጨምሩ፦ "ግምቴ ስህተት ከሆነ ምን ማስረጃ ላገኝ እችላለሁ?" ይቺን መሙላት ያስጨንቃቸዋል። ሰፊ ጊዜ ስጧት፤ ሰው የሚወደውን ሐሳብ ራሱ መፈተን የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

ከዚያ የከፍታ መስመር ያለው ካርታ አቅርቡ። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር፣ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ሐዲዱን እስከ ሐረር በእርሳስ ይሞክሩት። በየት በኩል ቢሄዱ ዳገት ይገጥማቸዋል፤ የወጪን ነገር ሳትነግሯቸው ራሳቸው ያነሱታል።

"በቃ፣ ተራራው ነው" ብለው ሊዘጉት ሲሉ ሁለተኛውን ማስረጃ አምጡ። ዐፄ ምኒልክ በ1894 እ.ኤ.አ. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት የባቡር ሥራ ፈቃድ መስመሩ በሐረር በኩል እንዲያልፍ ያስቀምጥ ነበር። ታዲያ ዕቅዱን ማን ለወጠው? ተራራው፣ ገንዘቡ ወይስ ሰው? ክርክሩ የሚደምቀው አሁን ነው። እናንተ ዝም በሉ። "ልክ ነህ"፣ "ተሳስተሻል" አይባልም። "ይህን ከየት አወቅሽው?" ብቻ ጠይቁ።

ድሬዳዋ አካባቢ ከሆናችሁ እጩዎቹ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞችን ያነጋግሩ። አዛውንቱ ያዩትንና ከሌላ የሰሙትን ለይተው ይመዝግቡ። ሁለቱም ይጠቅማሉ፣ ክብደታቸው ግን አንድ አይደለም።

ማርክ ስትሰጡ መልሱን አትዩ። ማስታወሻ ደብተሩን ተቀበሉና ግምቱ የት ቦታ እንደተቀየረ፣ በየትኛው ማስረጃ እንደተቀየረ ፈልጉ። ግምቱን ያልቀየረም ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ ያስረዳ፤ በደንብ ካስረዳ ሙሉ ማርክ ይገባዋል።

ፕራክቲከም ከመውጣታቸው በፊት ደግሞ እያንዳንዱ ከተወለደበት ወረዳ አንድ "ለምን እዚያ?" የሚል ጥያቄ ይዞ ይምጣ፤ ገበያው ለምን እዚያ ቆመ፣ መንገዱ ለምን በዚያ ዞረ። መልሱ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ከተገኘ ጥያቄውን አትቀበሉት፣ ሌላ ያምጣ።