ዴይቶና ወይስ ጊብሊ? ሁለቱን አንጋፋ የጣሊያን ኩፔዎች ከመግዛትዎ በፊት እንዴት እንደሚያወዳድሩ

ማሴራቲ ጊብሊን እ.ኤ.አ. በ1966 በቱሪን፣ ፌራሪ ደግሞ በተለምዶ ዴይቶና የሚባለውን 365 ጂቲቢ/4 በ1968 በፓሪስ የመኪና ትርኢት ላይ አቀረቡ። ሁለቱም ሞተራቸው ከፊት የሆነ፣ ለረጅም መንገድ የተሠሩ ፈጣን ኩፔዎች (ባለ ሁለት በር መኪኖች) ስለሆኑ ሰብሳቢዎች ዘወትር ያነጻጽሯቸዋል፤ ነገር ግን ንጽጽሩን በፈረስ ጉልበት የጀመረ ገዢ ገና ከመነሻው መንገድ ስቷል።

መጀመሪያ ሰነዱን ይጠይቁ። የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ከተመዘገበው ጋር መግጠሙን ያረጋግጡ፤ ሞተሩ የራሱ ያልሆነ መኪና ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ ዋጋው ይወርዳል። ለዴይቶና ፌራሪ ራሱ ክላሲኬ በተባለው የቆዩ መኪኖች ክፍሉ በኩል የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ብዙ ያግዛል።

ቀጥለው በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ማግኔት በጎማ ቤቶቹ ዙሪያና ከበሮቹ በታች ባለው ላሜራ ላይ ቀስ እያደረጉ ያስኪዱ። ማግኔቱ ድንገት መያዝ ካቆመ፣ ከቀለሙ ሥር ዝገት የሚሸፍን ወፍራም ስቱኮ ሊኖር ይችላል። የዴይቶና ኮፈንና የኋላ ክዳን ግን አሉሚኒየም ስለሆኑ ማግኔት ባይዛቸው አይደንግጡ።

ከዚያ መኪናውን ከፍ አስደርገው ከሥር ይመልከቱ፤ የሁለቱ እውነተኛ ልዩነት ያለው ከኋላ ነውና። ዴይቶና ባለ12 ሲሊንደር፣ 4.4 ሊትር ሞተሩን ከፊት አስቀምጦ ካምቢዮውን ከዲፈረንሻሉ ጋር ወደ ኋላ በመውሰዱ ክብደቱ የተመጣጠነ ሲሆን፣ የኋላ ጎማዎቹም እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ይንቀሳቀሳሉ። ባለ8 ሲሊንደሩ ጊብሊ በአንጻሩ ወጥ የኋላ አክሱን ያሳረፈው በባሌስትራ፣ ማለትም ተደራርበው በታሰሩ ተጣጣፊ ብረቶች ላይ ነው። ባሌስትራ (ቃሉን ጋራዦቻችን የወረሱት ከዚያው ከጣሊያን ነው) ለጭነት መኪና ብቻ የሚገባ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ በጠመዝማዛ መንገድ ዴይቶና እንደሚበልጥ ባልክድም፣ ጊብሊ በቀና ጎዳና ላይ የሚያሳፍር መኪና አይደለም፣ ያ የኋላ ክፍሉም ለመጠገን እጅግ ይቀላል።

ሞተሩ ሲነሣ ቀዝቃዛ መሆን አለበት፤ ሻጩ አሙቆ ከጠበቀዎ ሌላ ቀን ይቅጠሩ። ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ሳያቋርጥ ከወጣ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው። ዘይቱ በሁለቱም ለብቻው በተቀመጠ ታንክ ውስጥ ስለሚጠራቀም መጠኑን የሚለኩት ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ነው። የዴይቶና ሁለተኛ ማርሽ በብርድ አልገባም ቢል የተለመደ ነው፤ ከግማሽ ሰዓት ጉዞ በኋላም ካንገራገረ ግን ካምቢዮው መፈታት ይኖርበታል።

ዋጋውን በመጨረሻ ይመልከቱ። ከእያንዳንዳቸው የተሠሩት ኩፔዎች ከአንድ ሺህ ትንሽ የሚበልጡ ሲሆኑ፣ ጊብሊ ግን በገበያ ላይ ከዴይቶና በብዙ ይረክሳል። የሞተር እድሳት ወጪው በዚያው ልክ ስለማይረክስ፣ ርካሹ ጊብሊ ሞተሩ ከተፈታ ትርፉ እዚያው ሊያልቅ ይችላል፤ ስለዚህ መካኒክዎ የጥገናውን ግምት በጽሑፍ ሳይሰጥዎ ቀብድ አይክፈሉ።